ጉድፍ ጉሮሮ ውስጥም ይወጣል፦ «ጉድፍ አያስፈራም» ለተባለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል፤ ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፣ አንዷ ደግሞ የገዛ እናቴ ናት። «ይኸው አንብቢ፣ አንቺ ነገር ታካብጃለሽ» የሚል መልእክትም አስከትላለች። ርዕሱ «ጉድፍ አያስፈራም» ይላል። ጸሐፊዋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው፤ ሦስቱንም ጉድፍ ይዟቸው ቤት ውስጥ አስታመው አድነዋል። ብዕራቸው ይጣፍጣል። ካላሚን የሚባለውን የማሳከክ ማስታገሻ ቅባት የተቀባው ልጃቸው በመስታወት ራሱን አይቶ «እማዬ፣ ጅግራ ሆንኩ» ያለበት ቦታ እኔንም አስቆኛል። የጨነቀኝም ለዚሁ ነው፤ እንዲህ ተወዶ በሚነበብ ጽሑፍ ውስጥ ያለች አንዲት የተሳሳተች አንቀጽ ብዙ ቤት ትገባለች።

እኔ በሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። መልሴን ከመጀመሬ በፊት የሳቸውን ሐሳብ እንዳላጣምም በአጭሩ ላስቀምጠው። ጉድፍ የቆዳ በሽታ ነው፣ ጉሮሮ ውስጥ አይገባም ይላሉ። ጉድፍ የያዘው ልጅ ጉሮሮውን ካመመው ወይም ድምፁ ከተለወጠ እንጥሉ ወርዷልና «ለሚያውቅ ሰው» ማሳየት ነው። ለጉሮሮው ለጋ ቅቤ ከማር ጋር ማዋጥና በባሕር ዛፍ እንፋሎት ማጠን ይበቃል። ለትኩሳቱ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን፣ «ወደ ውስጥ እንዳይመለስ» ደግሞ አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት። የኩፍኝ ክትባት የወሰደ ልጅ ጉድፍ ቢይዘውም አይበረታበትም። በመጨረሻም አንዱ ልጅ ሲታመም ሌሎቹን አብሮ አስተኝቶ በአንድ ጊዜ መገላገል ይሻላል ብለው ይመክራሉ።

ልክ የሆኑበትን ልክ ናቸው ልበል። ጤነኛ የነበረ ልጅ ጉድፍ ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥር ቀን ውስጥ ቤቱ ተኝቶ ይድናል። አንድ ሁለት ውሃ የቋጠረ ነገር ባዩ ቁጥር ልጅን ተሸክሞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ወረፋ በሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቡ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሕፃን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ለዚያ ሕፃን ጉድፍ ሞት ሊሆን ይችላል። ጥፍር መቁረጥ፣ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ስስ ልብስ ማልበስ ያሉትም ትክክል ነው። በተለይ «ውሃ አይንካው» የሚለውን የአያቶቻችንን ክልከላ ደፍረው ስለተቃወሙ አመሰግናቸዋለሁ። እኔ ብናገረው ኖሮ «የተማረች ነች» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

አሁን ወደ ጉሮሮው እንምጣ።

«ጉድፍ የቆዳ በሽታ ነው፤ ጉሮሮ ውስጥ አይገባም»

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጉድፍን የሚያመጣው ቫሪሴላ ዞስተር የሚባል ቫይረስ ሲሆን፣ ወደ ልጁ የሚገባው በአብዛኛው በትንፋሽ፣ በአፍንጫና በጉሮሮ በኩል ነው። መጀመሪያ የሚራባውም እዚያው፣ ቶንሲልና በዙሪያው ያሉ ዕጢዎች ውስጥ ነው። ከዚያ በደም ተጉዞ ቆዳ ላይ እስኪታይ ከ10 እስከ 21 ቀን ይፈጅበታል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ። ጉሮሮ የገባበት በር ነው፣ ቆዳ የደረሰበት ቤት። ልጁ ሽፍታው ከመታየቱ አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ ሌላውን ማስያዝ የሚጀምረው ለምን ይመስላችኋል? ቆዳው ገና ንጹሕ ሳለ ትንፋሹ ቫይረሱን ስለያዘ ነው።

ሽፍታውም ቢሆን ቆዳ ላይ ብቻ አይቀርም። ላንቃ ላይ፣ ጉንጭ ውስጥ፣ እንጥል አጠገብ፣ አንዳንዴ ዓይን ሽፋን ውስጥና ብልት ላይ ይወጣል። አፍ ውስጥ የወጣው ግን እንደ ቆዳው ቅርፊት የመሥራት ዕድል የለውም፤ ምራቅና ምግብ እየነካካው ቶሎ ይፈነዳና ዙሪያው የቀላ ነጣ ያለ ቁስል ይሆናል። አንዳንድ ልጅ ላይ ከቆዳው ቀድሞ የሚወጣውም ይኸው የአፍ ውስጡ ነው። ጸሐፊዋ ስለ ሁለተኛው ልጃቸው «ሦስት ቀን ሙሉ አልበላም ብሎ አስቸገረኝ፣ ሞልቃቃ ነው» ብለዋል። ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ግን ላንቃውን ሳላይ በመሞላቀቅ አልከሰውም ነበር።

አብዛኛው የአፍ ጉድፍ ከማሳመም አያልፍም። ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ በማንኪያ እየተቆጠረ የሚሰጥ ውሃ ወይም ኦአርኤስ ነው መድኃኒቱ፤ በርበሬ፣ ሎሚና ብርቱካን ደግሞ ለጥቂት ቀን ይቆዩ። ልጁ ሽንቱን እየሸና እስከሆነ ድረስ ምግብ ቢቀንስ ብዙም አያስጨንቅም።

ጭንቀቱ የሚመጣው ጉዳዩ ከላንቃ ወርዶ ማንቁርት ጋ ሲደርስ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የአንድ ሕፃን የአየር ቧንቧ በጠባቡ ቦታ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው እንበል፤ የጁስ መምጠጫ ስትሮ ያህል ነው። ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያብጥ የሚቀረው ቀዳዳ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አየር የሚያልፍበት ቦታ ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። አየሩን የሚገጥመው ተቃውሞ ደግሞ በዐሥራ ስድስት እጥፍ ያድጋል፣ ቱቦ ሲጠብ ተቃውሞው የሚያድገው በአራተኛ ርቢ ነውና። ያንኑ 1 ሚሊ ሜትር እብጠት 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የትልቅ ሰው ቧንቧ ውስጥ አስቡት፤ ከግማሽ በላይ ቦታ ይተርፈዋል፣ ተቃውሞውም ሦስት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው የሚጨምረው። እናትየውን «ድምፄ ዘጋኝ» የሚያሰኛት እብጠት ልጇን ትንፋሽ ይነሳዋል። «እኔም ትንሽ ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር፣ አለፈ» የሚለው የጸሐፊዋ ማስረጃ ለልጅ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ማንቁርቱ በሁለት መንገድ ሊያብጥ ይችላል። አንደኛው ቫይረሱ ራሱ የሚያመጣው ነው፤ ልጁ ድምፁ ይጎረንናል፣ የውሻ ጩኸት የመሰለ ሳል ይስላል፣ አየር ሲስብ ሻካራ ድምፅ ያሰማል። እኛ ክሩፕ እንለዋለን። ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይረግባል። ሁለተኛው የከፋው ነው። ጉድፉ ቆዳና ጉሮሮ ላይ በከፈተው ቁስል ባክቴሪያ ይገባል፤ በተለይ ስትሬፕቶኮከስና ስታፊሎኮከስ የሚባሉት። በልጆች ላይ ጉድፍን ተከትሎ ከሚመጣው ችግር ሁሉ በብዛት የሚታየው ይኸው የባክቴሪያ መደረብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቆዳ ቁስል ከማመርቀዝ አያልፍም። አልፎ አልፎ ግን የማንቁርቱን ክዳን፣ የአየር ቧንቧውን ወይም ከጉሮሮ ጀርባ ያለውን ሥጋ ይይዝና መግል ያስቋጥራል። ጊዜውም ያታልላል፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቆዳው መድረቅ ሲጀምር፣ ትኩሳቱ ወርዶ ቤተሰቡ «ተመስገን» ካለ በኋላ ነው። ስለዚህ ጉድፍ የያዘው ልጅ ትኩሳት ከአራት ቀን ካለፈ ወይም ለቆት ተመልሶ ከመጣ፣ ቆዳው የቱንም ያህል ቢያምር ልጁ መታየት አለበት።

ይህ ሁሉ በብዛት የሚያጋጥም አይደለም። ጸሐፊዋ ሦስት ልጅ አስታመው አለማየታቸው አይገርምም፤ ሠላሳም ቢያስታምሙ ላያዩት ይችሉ ነበር። ግን አሜሪካ ክትባቱን ከመጀመሯ በፊት በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ገደማ ሰው ጉድፍ ይይዘው ነበር፤ ከነዚህ ከ10,500 እስከ 13,000 የሚሆኑት ሆስፒታል ይገቡ ነበር፣ ከ100 እስከ 150 የሚሆኑት ይሞቱ ነበር። ከሦስት መቶ በላይ ሰው ደኅና ሆኖ አንዱ ሆስፒታል የሚገባበት በሽታ እያንዳንዱን ቤት ለብቻው ስትጠይቁት «አያስፈራም» ነው የሚላችሁ።

«ድምፁ ከተለወጠ እንጥሉ ወርዷል»

ይህችን አንቀጽ ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተራመድኩ። ንዴቴ እስኪበርድ ነው።

አንድ ሌሊት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሕፃኗ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ይሆናታል። ጉድፉ ከወጣባት አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ፊቷ ላይ ያለው ደርቋል። ትኩሳቷ ከለቀቃት በኋላ ያን ዕለት ጠዋት እንደገና ግላለች፣ ከሰዓት በኋላ ምራቋን መዋጥ አቅቷታል። ቀን ላይ የታየችበት ቦታ «ቶንሲል ነው» ተብላ ሽሮፕ ተሰጥቷት ተመልሳለች። አያትየዋ እንጥል የሚቆርጡ ሰው አስጠርተው፣ ሰውየው «ነገ በጠዋት» ብለዋል። እናትየዋ ናት ነገን አልጠብቅም ያለችው። ስትደርስ ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ አንገቷን ወደ ፊት አስግጋ፣ አገጯን ቀና አድርጋለች። የእናትየዋ ነጠላ በለሃጭ ርሷል። ልጅቷ አታለቅስም፤ የምታለቅስበት ትንፋሽ አልነበራትም። አየር በሳበች ቁጥር ከአንገቷ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች፣ ቀጭን የፉጨት ዓይነት ድምፅም ትሰማለች።

አላስተኛናትም። አፏንም አላስከፈትናትም። ይህን የማውቀው በትምህርት ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ጀማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ልጅ ፊት ስፓቱላ አንሥቼ ጉሮሮውን ላይ ስል አንዲት ነባር ሲስተር እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። ያበጠ የማንቁርት ክዳን ያለበት ልጅ ምላሱ ሲጫን፣ ሲያቅለሸልሸው ወይም በጀርባው ሲተኛ የቀረችው ቀዳዳም ልትዘጋ ትችላለች። ስለዚህ ሕፃኗን ከእናቷ ጭን ሳናወርድ ኦክስጅኑን እናትየዋ ራሷ አፍንጫዋ አጠገብ እንድትይዝላት አደረግን። ሐኪሙና ማደንዘዣ ሰጪው ተጠርተው ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ቱቦ ገባላት። የማንቁርቷ ክዳን ቀልቶ፣ አብጦ አውራ ጣት ያህል ሆኖ ነበር። በደም ሥር አንቲባዮቲክ ጀመረች። በአራተኛው ቀን ቱቦው ወጣ፤ ከሳምንት በኋላ ድምፅዋ እንደ ጎረነነ ወደ ቤቷ ሄደች።

አሁን ሰውየው በጠዋት መጥተው ቢሆን ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር? ሁለት ሰው ልጅቷን ይይዛል፣ አፏ በግድ ይከፈታል፣ ስለት ይገባል። ሁለት ሚሊ ሜትር በቀረው ቀዳዳ ላይ ደም ይወርዳል። በደኅናው ልጅ ላይ እንኳ እንጥል መቁረጥ ደም ያስፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ስለቱ ቴታነስና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

እንጥሉ «ረዝሞ» መታየቱ ውሸት አይደለም፤ ያዩ ሰዎች አልዋሹም። ጉሮሮ ሲቆጣ እንጥልም አብሮ ያብጣል፣ ያበጠ ነገር ደግሞ ይረዝማል፣ ይወርዳል። እሱን መቁረጥ ግን ቤት ሲቃጠል እሳቱ የለበለበውን ጎረቤት አስረን «አቃጣዩ ይህ ነው» እንደማለት ነው። ጸሐፊዋ የጎረቤታቸው ልጅ እንጥሉን ተቆርጦ «በሁለት ቀን ውስጥ ድምፁ ተከፈተ» ብለው ምስክር ጠቅሰዋል። ክሩፕ ሳይቆረጥም በሁለት ሦስት ቀን እንደሚረግብ ከላይ ተናግሬአለሁ። የቆራጩ ስም የሚታወቀው በነዚህ ልጆች ነው፤ በራሳቸው ሊድኑ ባሉበት ሰዓት በተቆረጡት። እንዲህ ያሉ ልጅን ለአደጋ የሚያጋልጡ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም የሚያስቀጡ ናቸው፤ ነገሩ «ባህላዊ አማራጭ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አንድ የሚያስደስት ነገር ግን አለ። የማንቁርት ክዳን እብጠት ድሮ በዋናነት የሚመጣው ሂብ በሚባል ባክቴሪያ ነበር። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሂብን ክትባት አምስት ክትባቶችን በአንድ በያዘው በፔንታቫለንት ውስጥ ትሰጣለች። ልጃችሁ በስድስት፣ በዐሥርና በዐሥራ አራት ሳምንቱ ጭኑ ላይ የተወጋው እሱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልጅ የምናየው አልፎ አልፎ ነው፤ ያኔም እንደዚያች ሕፃን ጉድፍን ተከትሎ በገባ ሌላ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል።

«ቅቤ ከማር ጋር ማዋጥ፣ በባሕር ዛፍ ማጠን»

ማር ከዓመት በላይ ለሆነ፣ በደንብ ለሚውጥ ልጅ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ በዚህ እስማማለሁ። ከዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ነርቭ የሚያሰንፍ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ቅቤው ከዚህ ይብሳል። ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ በትክክል አይውጥም፤ ተገዶ የሚጠጣው የቀለጠ ቅቤ በቀላሉ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ውሃ ቢሆን ያስለው ነበር። ቅባት ግን ሳል ሳይቀሰቅስ ሾልኮ ይገባና ሳንባ ውስጥ ተቀምጦ ያቆስላል፤ ከዚያ የሚመጣውን የሳንባ ምች ማከም አድካሚ ነው።

እንፋሎቱን በተመለከተ ጸሐፊዋን ብቻ አልወቅስም፤ እኛም ባለሙያዎቹ ለብዙ ዓመታት ክሩፕ ላለበት ልጅ እንፋሎት ስንመክር ኖረናል። ሲጠና ግን የሚታይ ጥቅም አልተገኘለትም። የሚታየው ጉዳት ግን አለ፦ ጋቢ ተከናንቦ የፈላ ድስት ላይ የተደፋ ልጅ ሲወራጭ ድስቱ ይገለበጣል። ጉድፍ ይዞት መጥቶ በቃጠሎ ክፍል የተኛ ልጅ አይቻለሁ። ክፍሉን ማናፈስ፣ ከሰልና ዕጣን ከልጁ ክፍል ማውጣት ከእንፋሎቱ የተሻለ ይጠቅማል።

«ለትኩሳቱ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን፣ ከዚያ አሞክሳሲሊን»

አስፕሪንን ለጉድፍ ልጅ አትስጡ። ሬይ ሲንድሮም የሚባል፣ ጉበትንና አንጎልን የሚያጠቃ ገዳይ ችግር ከዚህ ጋር ስለተያያዘ አሜሪካና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ልጆች አስፕሪን እንዳይወስዱ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። አይቡፕሮፌንም ጉድፍ ላይ አይመከርም፤ ከላይ ካልኩት የስትሬፕቶኮከስ መደረብ፣ በተለይ ሥጋን ከሚያበሰብሰው ዓይነት ጋር ዝምድና ታይቶበታል። አይቡፕሮፌኑ ራሱ አምጥቶት ነው ወይስ የባሰባቸው ልጆች ስለሆኑ ነው የወሰዱት የሚለው ያከራክራል፤ ፓራሲታሞል እያለ ግን ክርክሩን በልጃችን ላይ መሞከር የለብንም። ፓራሲታሞሉም በክብደት ተለክቶ ነው።

አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይነካም። ባክቴሪያ «እንዳይመጣ» ተብሎ በባዶ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የሚያተርፈው ተቅማጥና መድኃኒቱን የተላመደ ጀርም ነው። ባክቴሪያው በእርግጥ ከመጣ ደግሞ እንደዚያች ሕፃን በአፍ ሽሮፕ የሚመለስ ላይሆን ይችላል፤ ሽሮፑ ያተረፈው ነገር ቢኖር ቤተሰቡን ለግማሽ ቀን ማዘናጋት ነው። አንዳንዱ ሰው ደግሞ «ትንፋሽ ይከፍታል» ብሎ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ስቴሮይድ ከፋርማሲ ይገዛል። ለክሩፕ ሐኪም የሚያዘው ጥሩ መድኃኒት መሆኑ እውነት ነው። ግን ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ጉድፍ ባለበት ልጅ ላይ የሚወስነው ልጁን ዓይቶ የመረመረ ሐኪም ብቻ ነው። ለአስም ወይም ለኩላሊት ሕመም ስቴሮይድ እየወሰደ ያለ ልጅም ጉድፍ ካለው ሰው ጋር ከተገናኘ፣ ሽፍታው እስኪወጣ ሳይጠበቅ ለሐኪሙ መነገር አለበት።

«የኩፍኝ ክትባት የወሰደ ልጅ…»

ኩፍኝና ጉድፍ ሁለት የማይዛመዱ ቫይረሶች ናቸው፤ የአንዱ ክትባት ለሌላው አይሠራም። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ኩፍኝ ዓይንን ያቀላል፣ ከባድ ሳልና ንፍጥ አለው፣ ሽፍታው ከፊት ጀምሮ የሚወርድ ቀይና ውሃ የማይቋጥር ነው። ጉድፍ ደግሞ በየተራ ስለሚወጣ በአንድ ቀን አንዱ ገና ቀይ ነጥብ ሳለ፣ ሌላው ውሃ ቋጥሮ፣ ሌላው ደርቆ ታያላችሁ። የመተንፈሻ አካልን በማጥቃት በኩል ኩፍኝ ከጉድፍ እጅግ ይከፋል። ሽፍታው የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ ልጁን አሳዩ፤ ኩፍኝ ከሆነ ደግሞ ቫይታሚን «ኤ» ይሰጠዋል።

«አብሮ አስተኝቶ በአንድ ጊዜ መገላገል»

የዚህች ምክር ሎጂክ ይገባኛል። ሦስት ልጅ በየተራ ሲታመም ስድስት ሳምንት ከሥራ መቅረት ማለት ነው፤ ያን ያህል ፈቃድ የሚሰጥ አሠሪ ማን አለው? ልጆቹ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድሩ ከሆነ ብትለዩአቸውም አብዛኛውን ጊዜ ይያዛሉ፤ ካልተከተቡት ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል። ይህን አልክድም።

ሆን ብሎ ማስያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለተኛ የሚያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይበረታበታል፤ አብሮ ውሎ አብሮ ስላደረ የገባበት ቫይረስ ብዙ ነው ተብሎ ይታሰባል። ጸሐፊዋ ራሳቸው «የመጨረሻዋ በጣም ወጣባት፣ ዓይኗ እስኪጠፋ» ብለው ጽፈዋል፤ የኔን ክርክር እሳቸው ሠርተውልኛል። ደግሞ ቤታችን ውስጥ የሚያድረው ልጅ ብቻ አይደለም። ነፍሰ ጡር አክስት ትኖራለች። አንዲት እናት ከመውለዷ በፊት ባሉት አምስት ቀናት ወይም በወለደች በሁለት ቀን ውስጥ ጉድፍ ከወጣባት፣ ከእሷ የሚወርሰው መከላከያ ሳይደርስለት ቫይረሱ የደረሰበት ጨቅላ እጅግ ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል።

ማስያዝ ሳያስፈልግ የሚገላግል መንገድ ስለመኖሩ ጽሑፉ አንድ መስመር ብቻ አለው፦ «ክትባት አለ ይላሉ፣ የነጭ ቅንጦት ነው»። ቅንጦት የሚለው ቃል ትንሽ እውነት አለው፤ በመደበኛው የሕፃናት ክትባታችን ውስጥ የለም፣ ያን ወጪ ከኩፍኝና ከሳንባ ምች በፊት አስቀድሙ ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን «የነጭ» አይደለም፤ የሠራው ጃፓናዊ ሐኪም ሚቺያኪ ታካሃሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ለምርምር ሄዶ ሳለ የሦስት ዓመት ልጁን ጉድፍ ያዘው። ሽፍታው ቶሎ መላ ሰውነቱን አዳረሰው፣ ትኩሳቱ ጨመረ፣ መተንፈስም ከበደው። እሱና ባለቤቱ ቀንና ሌሊት አጠገቡ ተቀምጠው ከማየት በቀር ማድረግ የቻሉት አልነበረም። ልጁ ዳነ። አባትየው አገሩ ተመልሶ ቫይረሱን አዳክሞ በ1974 ክትባቱን አወጣ፤ አሜሪካ በ1995 መስጠት ጀመረች። ዛሬ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለልጆቻቸው በ12 ወርና በ4 ዓመት ገደማ የሚያስወጉት እሱ ነው። ይህ ሰው ልጁ ላይ ያየውና ያስጨነቀው ነገር ጸሐፊዋ «አይገባም» ካሉት ከትንፋሽ ጋር የተያያዘ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

እህቴ፣ ጽሑፍዎ ይጥፋ አልልም። ጅግራው ልጅም እዚያው ይቆይ፤ እናቶች ሲያስታምሙ ሊስቁ ይገባል። የእንጥሏን አንቀጽ ብቻ አውጥተው በቦታዋ ይህችን ያስገቡልኝ፦

«ጉድፍ የያዘው ልጃችሁ ሳያለቅስ፣ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ሳለ አየር ሲስብ ድምፅ ካሰማ፤ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ለሃጩ ከተዝረበረበ፤ ድምፁ ከታፈነ ወይም አንገቱ ካበጠና ማዞር ከከበደው፤ ደረቱ ወይም የአንገቱ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፤ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከመጠን በላይ ካንቀላፋው፣ ሌሊትም ቢሆን አቅፋችሁ ውጡ። አታስተኙት፣ አፉን አታስከፍቱት፣ ምንም ነገር እንዲውጥ አታድርጉት። ስትደርሱም ከሁሉ አስቀድማችሁ ‹ጉድፍ ይዞታል፣ መተንፈስ አቅቶታል› በሉ፣ ወረፋ አትጠብቁ።»

የታረመውን ሲለጥፉት እናቴ ወዲያው እንደምትልክልኝ አልጠራጠርም።